ሁለቱ ዲናር



እኛ ባልና ሚስት ነን። ባል በአዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ነው፤ ሚስት ከጤና ጣቢያው ማዶ ባለ የግል መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። አንዳችን ማዘዣ ይጽፋል፤ አንዳችን ያንኑ ማዘዣ በመስኮት ትቀበላለች። ይህን ጽሑፍ አብረን ስለ ጻፍነው፣ ጥፋታችንንም የተማርነውንም «እኛ» እያልን እንናገራለን።

ለዓመታት የአንድ ወረቀት ሁለት ጫፍ ይዘን ስንኖር፣ ወረቀቱ ከአንዳችን እጅ ወጥቶ ሌላችን እጅ እስኪደርስ ምን እንደሚያገኘው ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። መንገዱ አስፋልት ተሻግሮ ማዶ መድረስ ብቻ ነው። ግን ብዙ ማዘዣ እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ታሪካቸውን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል። እኛ ቤት «እማማ» ነው የምንላቸው።

እማማ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳደጉ የአጥቢያችን አባል ናቸው። ረቡዕ ማታ በሚደረገው የቤት ለቤት ኅብረት አብረን እንጸልያለን። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እንዳለባቸው የታወቀው ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ መጥተው ሲለኩ ነው። የጤና መድን አልነበራቸውም። በየዓመቱ የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ የቤት ኪራይ ወይም የልጅ ትምህርት ይቀድመውና «ለከርሞ» ይባላል። የዕለት ገቢ ላለው ሰው የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ማውጣት ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት መድኃኒት አዘዝንላቸው፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን። በቀጠሯቸው ሲመጡ ግፊታቸው 170/100 ነበር። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» አልናቸው። «እወስዳለሁ፣ ልጄ» አሉ። መጠኑን ከፍ አደረግን። በሚቀጥለው ቀጠሮ 180/110 ሆነ። ኢናላፕሪል ጨመርን፤ ደከመኝ ስላሉም ቫይታሚን ጻፍንላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ተቆጣን። «እማማ፣ በሕይወትዎ እየቀለዱ ነው እንዴ?» አልናቸው። አንገታቸውን ደፉ። ምንም አልመለሱም።

እውነቱ ይህ ነበር። እማማ መድኃኒቱን ይወስዱ ነበር፤ ግን ቀን እያለፉ። የአንድ ወሩን መድኃኒት ሁለት ወር ያደርሱት ነበር። ስለዚህ ግፊቱ አልወረደም። እኛ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራላቸውም ብለን ሌላ ጨመርን። ማዘዣው በረዘመ ቁጥር መግዛት የሚችሉት እያነሰ ሄደ። ሕመማቸው መድኃኒት እንቢ ያለ ሕመም አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነው እጃቸው ያልገባው።

መስኮቱ ጋ ያለነው ደግሞ ይህን በዓይናችን አይተናል። አንድ ቀን እማማ ማዘዣውን ሰጥተው «ስንት ይመጣል?» አሉ። ነገርናቸው። ወረቀቱን መልሰው ተቀብለው ትንሽ አዩትና፣ «ከእነዚህ የማይቀረው የቱ ነው፣ ልጄ? እሱን ስጪኝ፤ ለሌላው ሳምንት እመለሳለሁ» አሉ። ሁሉም ያስፈልጋል አልናቸው። «እንግዲያው ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ፍሬ ቁረጪልኝ» አሉ። ቆረጥንላቸው። ከኪሳችን እንጨምርላቸው ይሆን ብለን አሰብን፤ ከኋላቸው ሰልፍ ነበር፤ ቀጣዩን ሰው ጠራን።

ያን ማታ እራት ላይ ሁለታችንም ስለ እማማ አላነሣንም። የበሽተኛ ምስጢር ነው ብለን ነበር እንዳንል፣ ልባችን ያውቀዋል። በዚያ መስኮት «አሥር ፍሬ ቁረጪልኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ስለሚመጣ ዓይናችን ለምዶት ነበር። ልማድ ከጭካኔ ይልቅ ብዙ ሰው ይጎዳል፤ እኛ እንደዚያ ነበርን።

ከዚያ በኋላ በአንድ ረቡዕ የቤት ለቤት ኅብረት ላይ እማማ ለምስክርነት ተነሡ። «ጌታ ነክቶኛል። መድኃኒቱን በእምነት ትቼዋለሁ» አሉ። ቤቱ በ«አሜን» ተሞላ። እኛም «አሜን» አልን። እውነቱን ለመናገር በውስጣችን «ነገ ይምጡና ግፊትዎን እንለካዎት» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። እምነት የጎደለን እንዳንመስል ዋጥነው። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ባነጻ ጊዜ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ እንዳዘዛቸው (ሉቃስ 17) ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እውነተኛ ፈውስ መታየትን አይፈራም። ጌታ ዛሬም ይፈውሳል ብለን እናምናለን፤ ባይሆን ኖሮ ረቡዕ ማታ ምን እንሠራለን? ነገር ግን ያን ማታ የእማማን ቃል መርምረን «አሜን» አላልንም። ቀላሉን መንገድ መርጠን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ምጣዱ አጠገብ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። ሆስፒታል ቆይተው በጌታ ቸርነት ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ሊጥ ማንሣት አይችልም። አፋቸውም ቃል ሲያወጣ ይጎተታል።

ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። ልጃቸው ዚፕ ያለውን የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሽፋን ከፍታ ከመካከሉ በአራት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። ማዘዣዎች ናቸው። የእኛው የእጅ ጽሑፍ፣ የእኛው ማኅተም። አንዳንዱ ጭራሽ ያልተገዛ፣ አንዳንዱ «10 ፍሬ ተሰጥቷል» የሚል በእኛው በሌላኛዋ እጅ የተጻፈበት። እማማ እየተጎተቱ እንዲህ አሉን፤ «ሌሊት ለጸሎት ስነሣ በጌታ ፊት እዘረጋቸው ነበር። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን እንደ ዘረጋ።»

ያን ጊዜ ነው የተሰበርነው። ለጌታ የዘረጉትን ወረቀት፣ ወረቀቱን ለጻፍነው ለእኛ መዘርጋት አልቻሉም። «በእምነት ትቼዋለሁ» ያሉትም መግዣ ባጡ በሳምንቱ ነበር። «አጣሁ» ብሎ በወገን ፊት ከመናገር «ተፈወስኩ» ማለት ቀለላቸው። ከመካከላችን ስንት ሰው እንዲህ ይመሰክር ይሆን? ድህነቱን በእምነት ቃል ሸፍኖ፣ እኛም «አሜን» ብለን እያሰናበትነው?

«ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?» አልናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩንና «ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር፣ ልጆቼ?» አሉ። ክፋት የለበትም፤ ከልባቸው መጠየቃቸው ነው። መልስ አልነበረንም።

በዚያ ሳምንት የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በሉቃስ 10 ደጋግመን አነበብን። ዘይቱንና ወይኑን ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል፤ የአህያውንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ግን ዓይናችን የቆመው ማግሥቱ ላይ ነበር። ሳምራዊው ቁስሉን አስሮ፣ ሌሊቱን አስታሞ ሊሄድ ሲል ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ። ዲናር በማቴዎስ 20 በወይን ቦታው ለሠሩት ሠራተኞች የተከፈለ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የሠራበትን ገንዘብ አውጥቶ ሰጠ ማለት ነው። ይህም አልበቃውም። ከዚያ በላይ የሚወጣውን ወጪ ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ።

ጌታ ይህን ዝርዝር ባያነሣውም ታሪኩ ያምር ነበር። ግን አነሣው። ቁስለኛው እዚያ አልጋ ላይ ሲነቃ የሚጠብቀው ዕዳ እንዳለ ጌታ ያውቃል። ማርቆስ 5 ላይ ደም ስለሚፈሳት ሴት ስናነብም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ሕመሟን ብቻ አይናገርም፤ ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ባዶ እጇን መቅረቷንም ይናገራል። ጌታም በሕዝብ መካከል ቆሞ እውነቷን ሁሉ እስክትነግረው ጠበቃት። የኢያኢሮስ ልጅ እየሞተች እንኳ አልቸኮለባትም። እኛ ደግሞ ሰልፍ አለ ብለን ቸኮልን።

ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የተራቆተውንና የተራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ ስለሚያሰናብት ሰው ይጽፋል። ሊገዛ የማይችል ማዘዣ እንደዚያ ያለ ምኞት ነው። በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ምኞት። ማዘዣ ስንጽፍ ያከምን ይመስለን ነበር። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን አንድ ጊዜ ተውጦ የሚያበቃ አይደለም። በሚቀጥለው ወር፣ ከዚያም በሚቀጥለው መኖር አለበት። ሕክምናው ያለው ሳምራዊው ስለ መመለሱ በተናገረው ቃል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለእማማ ጥያቄ መልስ መፈለግ ጀመርን። ትልቅ ነገር አላደረግንም፤ ያደረግነውን ግን ለሌሎች የሚጠቅም ከሆነ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄያችንን ለወጥን። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ማለት ትተን፣ «ብዙ ሰው መድኃኒቱ ይወደድበታል፤ እርስዎ ያለፈውን ሙሉውን መግዛት ችለው ነበር?» እንላለን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ተከሳሽ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ግን የማጣትን ነውር አስቀድሞ ያነሣለታል። ይህን መጠየቅ በጀመርንበት ሳምንት «መድኃኒት አይወስዱም» እያልን የምንቆጣቸው ሰዎች አንድ በአንድ እውነቱን ነገሩን።

ሁለተኛ፣ ማዘዣውን አሳጠርን። የግድ ያልሆነውን ቫይታሚን አወጣን። መድኃኒቱን በንግድ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ስም እንጽፋለን። አምሎዲፒን ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ ጥራቱ የተረጋገጠና የተመዘገበ እስከ ሆነ ድረስ አምሎዲፒን ነው፤ የካርቶኑ ማማር የዋጋውን ልዩነት አይመልስም። መስኮቱ ጋም «ይኸኛው ያው ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል» እንላለን። እኛ ጋ ሲወደድ ወደ ከነማ ወይም ወደ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሄደው እንዲያጣሩ እንመራቸዋለን። ደንበኛ ይቀንስብናል የሚል ፈተና አለው፤ ጌታ ግን እስካሁን እንጀራችንን አላሳጣንም።

ሦስተኛ፣ ሰው የሚገባውን እንዲያውቅ እንረዳለን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በዚህም ስንቱ ሰው ከሞት አፋፍ እንደ ተመለሰ ዓይናችን አይቷል። የግፊትና የስኳር ታማሚ ግን ከኪሱ ይገዛል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለዚህ ትልቅ በር ነው፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መንግሥት መዋጮውን የሚሸፍንበት አሠራር አለው። ስለዚህ የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ ከመድረክ ማስታወቂያ እናስነግራለን፤ ወረዳ ሄዶ መጠየቅ የሚከብዳቸውን አብረን እንሄዳለን። መድን ያለውም ሰው ቢሆን ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ሲጨርስ ወደ ውጭ ገበያ ይላካል። ያኔ ደብተሩ ብቻውን አያድነውም።

ለዚህ ነው አራተኛው ነገር የመጣው። ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረብን። እማማ ራሳቸው ፈቅደው አብረውን መጡ፤ ማዘዣዎቹንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። ማንም ብዙ አልተናገረም። ከዚያ ወር ጀምሮ በአጥቢያችን «ሁለት ዲናር» የምንለው ሣጥን አለ። በወር አንድ ጊዜ ሰው እንደ አቅሙ ያስገባል። ገንዘቡ ለታማሚው በእጁ አይሰጥም፤ ለመድኃኒት ቤቱ ይከፈላል፤ ታማሚው እንደ ማንኛውም ደንበኛ መስኮቱ ጋ መጥቶ መድኃኒቱን ይወስዳል። የእኛ መሥሪያ ቤት ተጠቃሚ እንዳይሆንና ስማችን እንዳይታማ የሚከፈለው ለሌላ መድኃኒት ቤት ነው። ስም ከመድረክ አይጠራም፤ ምስክርነት እንዲሰጥም ማንም አይጠየቅም። ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሚሠራውን እንዳያውቅ ጌታ በማቴዎስ 6 ያስተማረው ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ክብር መጠበቂያ እንደ ሆነ ያወቅነው አሁን ነው።

አንድ ሕግ አለን፤ የጀመርነውን ሰው ለአንድ ዓመት ሳንሸፍን ሌላ አንቀበልም። ይህ ሕግ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አንድ ወንድም ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ሊሰጠን ፈለገ፤ አመስግነን አልተቀበልንም። ለአንድ ወር ተሰጥቶ በሁለተኛው የሚጠፋ የግፊት መድኃኒት ሰውን ያዘናጋዋል እንጂ አይጠብቀውም። ሳምራዊው የሰጠው የሁለት ቀን ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ የመመለስ ቃልም ሰጥቷል። እኛም መመለስ የማንችልበትን ቃል ላለመግባት እንጠነቀቃለን።

ሣጥኑ መጀመሪያ የደረሰው ለአንድ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ስለዚህ ኢንሱሊኑን ጥቂት ቀናት ቢያቋርጥ ለሞት ይሰጋል። ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስለሌለ እናቱ ብልቃጡን በረጠበ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ያኖሩታል። ኢንሱሊን በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ሲገኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት ተመራማሪዎች የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሸጡት። ሀብታም ሊያደርጋቸው የሚችለውን ነገር በአንድ ዶላር። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ለአንድ ብልቃጥ እናቱ የአንገት ሐብሏን ስትሸጥ አይቷል። ዓለም እንዲህ ናት። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ መሆን የለባትም።

ዛሬ ሣጥኑ ዘጠኝ ሰዎችን ይደግፋል። አራቱ የአጥቢያችን አባላት አይደሉም፤ ከእነርሱም አንዱ ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም አባት ናቸው። ተራ የሚጠብቁ አሉ። በየቀኑ ጠዋት ከሣጥኑ አቅም በላይ የሆነ ሰው በጤና ጣቢያው በር ይገባል፤ አንዳንድ ማታ ልባችን ዝሎ እንገባለን። ሁሉን አልፈታንም፤ ልንፈታም አንችልም። ግን ከእንግዲህ እራት ላይ ዝም አንልም። ስም ሳንጠቅስ «ዛሬ ማን ወረቀቱን አጥፎ ሄደ?» እንባባላለን፤ ከዚያም እንጸልያለን፤ ጠዋት ደግሞ ስልክ እንደውላለን።

እማማ አሁን ግፊታቸው 130/80 ላይ ነው። መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። እንጀራውን ልጃቸው ትጋግራለች፤ እርሳቸው ምጣዱ አጠገብ ተቀምጠው ይመሩታል። ቀኝ እጃቸው አልተመለሰም። እነርሱ ይቅር ብለውናል፤ እኛ ግን ያን እጅ ባየን ቁጥር ያ ሰልፍ ይታወሰናል። ረቡዕ ረቡዕ አሁንም ለፈውስ እጃችንን ጭነን እንጸልይላቸዋለን፤ በግራ እጃቸው የመድኃኒቱን ከረጢት ይዘው «አሜን» ይላሉ። በሁለቱ መካከል ጠብ አይተን አናውቅም።

ይህን የምታነብ፣ መድኃኒትህን ቀን እያለፍክ የምትወስድ ወንድም፤ ማዘዣሽን በመጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ያጠፍሽ እህት፤ ማጣት ኃጢአት አይደለም። ለጌታ የዘረጋችሁትን ለሐኪማችሁም ዘርጉት፤ «ይህን መግዛት አልችልም» በሉት። ለአንድ ለምታምኑት ወገንም ንገሩ። እናንተ ደግሞ ማዘዣ የምትጽፉ፣ መስኮት ላይ የምትቆሙ፣ በኅብረት ውስጥ «አሜን» የምትሉ፣ ሰው ከመናገሩ በፊት ጠይቁ። ጥያቄው ከእኛ ካልመጣ፣ መልሱ ከእነርሱ አይመጣም።

ጌታን ገና የምትፈልጉም ካላችሁ፣ ይህን ሁሉ የምናደርገው ደግ ስለ ሆንን እንዳይመስላችሁ። እኛም መንገድ ዳር ወድቀን ነበር። ከሰማይ የመጣው ያነሣን፤ ዕዳችንንም ከሁለት ዲናር እጅግ በሚበልጥ ዋጋ፣ በራሱ ደም ከፈለው። ተመልሶም ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ማደሪያውን በአደራ የተቀበልነው እኛ ነን።

ጌታ ሆይ፣ ዓይናችን ከለመደው ነገር አንቃን። ወረቀቱን አጥፎ የሚሄደውን ሰው እንድናይ፣ እንድንጠይቀው፣ ቃል የገባንለትንም እንዳንረሳ እርዳን። በኢየሱስ ስም። አሜን።